ቢራና አይብ ባንድ ጠረጴዛ፦ በጎንደር ለቅምሻ ምሽት የሚታደም ሰው መመሪያ

ቢራን የምናውቀው ከጥብስ ጋር ነው። አይብን ደግሞ ከጎመን ጋር። ሁለቱ አብረው ይቀመሳሉ ሲባል ብዙ ሰው «የፈረንጅ ቅብጠት» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን ቅብጠት አይደለም። ቤልጂየም ውስጥ የስኩርሞን ገዳም መነኮሳት ሺሜይ የተባለውን ቢራ ከ1862 እ.ኤ.አ.፣ በዚያው ስም የሚጠራውን አይብ ደግሞ ከ1876 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠሩ ኖረዋል። ለዝክርና ለማኅበር ጠላ ሲጠመቅ እያየ ላደገ የጎንደር ሰው ይህ ብዙም ሊደንቀው አይገባም።

ቅምሻ ማለት እንዲህ ነው። ጠማቂው አራት ወይም አምስት ዓይነት ቢራ በትንንሽ ብርጭቆ ይቀዳል። ለእያንዳንዱ ቢራ አንድ አይብ ይቀርባል። ታዳሚው እየቀመሰ ያወራል፣ ያወዳድራል። ቀላል ይመስላል። እኛ ዘንድ ግን አንድ ችግር አለው። ባህላችን ብርጭቆ ጎደሎ ሆኖ እንዲታይ አይፈቅድም። ጎደል ሲል ይሞላል፣ አልፈልግም ያለ ይለመናል። በቅምሻ ምሽት ይህ ደግነት ሁሉንም ነገር ያበላሻል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ዞሮ ዞሮ ይህን መሙላት እንዴት እንደምትቋቋሙ ነው።

ቀኑን መምረጥ

ማንኛውንም ነገር ከማድረጋችሁ በፊት የቀን መቁጠሪያውን ግለጡ። ይህ እርምጃ በሌላ አገር መመሪያ ውስጥ አይገኝም። ጎንደር ውስጥ ግን የመጀመሪያው እሱ ነው።

ረቡዕና ዓርብ አይሆንም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ እሱም አይሆንም። ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾመ ነቢያት ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። ከጰራቅሊጦስ ማግስት እስከ ሐምሌ 5 ደግሞ የሐዋርያት ጾም አለ፤ ብዙ ወጣት የቄስ ጾም ነው ብሎ ይተወዋል፤ ግን ከታዳሚዎቹ ግማሾቹ ቢጾሙት አይቡ ሳይነካ ያድራል። ነነዌንም አትርሱ፤ ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነች ሰው ይዘነጋታል።

ታዲያ መቼ ይሁን? ከሁሉ የሚሻለው በዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ ጀምሮ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሰውም ገና ከጾም ስለወጣ አይብ ይጓጓል። ጥርም ጥሩ ወር ነው። የጥምቀት ሰሞን ግን ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ ቦታም አታገኙ፣ ወደ ቤት የሚመልሳችሁ ባጃጅም በእጥፍ ይጠይቃል። ከጥር 15 በኋላ ቢሆን ይሻላል።

ከሳምንቱ ቀናት እኔ ሐሙስን እመርጣለሁ። ቅዳሜ የተለመደ ነው፤ ግን እሑድ ጠዋት ለሚያስቀድስ ሰው አይመችም። ሐሙስ ከሆነ ሁሉም ሰው ነገ ሥራ እንዳለው ያውቃል፣ በጊዜም ይነሣል። የዓርብ ጾም ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምር ምሽቱ ከዚያ አስቀድሞ ማለቅ አለበት። ይህም ራሱ ጥሩ ገደብ ነው።

ቀኑ ተቆርጦ ግብዣው በጾም ከዋለ አዘጋጁን ደውላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ቀኑን ያወጣው የሽያጭ ሠራተኛ ነው፣ ልብ አላለውም። ካልተቀየረ የምትጾሙት ሰዎች ቅሩ። በጾም ቀን አይብ ፊት ተቀምጦ ቆሎ መቆርጠም ለማንም አይመችም።

ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ምን ትጠይቃላችሁ

መጀመሪያ ቢራዎቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ ጠይቁ። በአገራችን በጠርሙስ የሚሸጠው ቢራ አብዛኛው ነጣ ያለ ላገር ነው። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ጎንደር የሚጠመቀው ዳሸንም ላገር ነው። ላገር ማለት እርሾው በቀዝቃዛ፣ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚሠራ ቢራ ነው። ጣዕሙ ንጹሕና ቀጥተኛ ይሆናል። ኤል የሚባለው ደግሞ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይብላላል፤ እርሾው የፍራፍሬና የቅመም ሽታ ይጨምርበታል። አራት ነጣ ያሉ ላገሮችን ከአራት አይብ ጋር ብታስቀምጡ ልዩነቱን ለመለየት የጠማቂ ምላስ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ጠቆር ያለ አላችሁ? የስንዴ አላችሁ? ያልተጣራ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ክራፍት የሚባለው ቢራ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በትንሽ መጠን ስለሚጠመቅ ጠማቂው ብቅሉን ቆልቶ ማጥቆር፣ ስንዴ መቀላቀል፣ ሳያጣራ ማቅረብ ይችላል። አዲስ አበባ ቦሌ ያለው ቢራ ጋርደን ኢን አንዱን ነጣ፣ አንዱን ጠቆር አድርጎ እዚያው ጠምቆ ይቀዳል። ሁለቱን ጎን ለጎን የቀመሰ ሰው የምለው ወዲያው ይገባዋል።

ቢራው አንድ ዓይነት ብቻ ከሆነስ? አትተዉት። አዘጋጁ ጠላና ኮረፌ እንዲጨምር ጠይቁ። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ አይቡ ነው። ፎርማጆው ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ስለሚመጣ ብዙ አያሳስብም። የቤት አይብ ከሆነ ግን ወተቱ ቀድሞ ፈልቶ እንደሆነ ጠይቁ። የኛ አይብ የሚሠራው ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረው አሬራ በለስላሳ እሳት ሲሞቅ ነው። እሳቱ ለስላሳ ስለሆነ በጥሬ ወተት የሚመጣ እንደ ብሩሴሎሲስ ያለ በሽታ ጀርም ላይሞት ይችላል። መጠየቅ አያሳፍርም። የሚያዘጋጁት እትዬ ቅር እንዳይላቸው ግን ጥያቄውን በአስተናጋጁ በኩል ላኩት።

ሦስተኛው ስለ ራሳችሁ ነው። ለአሜባ ሜትሮኒዳዞል ጀምራችሁ ከሆነ መድኃኒቱ እስኪያልቅና ሐኪሙ የነገራችሁ ቀን እስኪያልፍ አልኮል አትንኩ። አንዳንድ የቆዩ የድብርት መድኃኒቶች ደግሞ ካደረ አይብና ከድራፍት ጋር ሲገናኙ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ያስነሣሉ። የምትወስዱትን መድኃኒት የማታውቁት ከሆነ ፋርማሲስት ጠይቁ። እርጉዝ ሴት ለጨዋታው ትምጣ፣ ቢራው ግን ይለፋት። ወንድማችሁን ወይም የአክስታችሁን ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ዕድሜውን አስቡ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል።

ወተት ሆዳችሁን የሚነፋችሁ ሰዎች ተስፋ አትቁረጡ። በደንብ ያደረ ጠንካራ አይብ ውስጥ የወተት ስኳር በጣም ትንሽ ነው። ለስላሳውን በጥቂቱ፣ ጠንካራውን እንደልብ።

የዚያን ዕለት

ምሳ ብሉ። ባዶ ሆድ ቅምሻ የሚባል ነገር የለም። ግን ሚጥሚጣና አዋዜ የበዛበት አይሁን፤ የተቃጠለ ምላስ አይብ አይለይም። ሽሮ ወይም አልጫ ይበቃል። ቡና ከቅምሻው ሁለት ሰዓት በፊት ይለቅ። ሽቶ አትቀቡ። ይህን ስል ለራሳችሁ ብቻ አይደለም፤ አጠገባችሁ ያለውም ሰው የእናንተን ሽቶ እንጂ የቢራውን ሽታ አያገኝም።

ጃኬት ያዙ። የጎንደር ምሽት ይበርዳል፣ የመጥመቂያ ቦታ ደግሞ በተፈጥሮው ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ጉብኝት ካለው የተሸፈነ ጫማ አድርጉ፤ ወለሉ ይታጠባል፣ ያንሸራትታል።

ሰዓት አክብሩ

«12 ሰዓት» ከተባለ 12 ሰዓት ነው። እንደ ሠርግ ጥሪ አንድ ሰዓት ተኩል ጨምራችሁ አትሂዱ። ምክንያቱ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ቅምሻ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል። ዘግይታችሁ ገብታችሁ በጥቁሩ ቢራና በያደረው አይብ ከጀመራችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ የስንዴውን ብትቀምሱት ውሃ ይሆንባችኋል።

ስትቀመጡ

ጠረጴዛው ላይ አምስት ነገር መኖሩን እዩ፦ ውሃ፣ ነጭ ዳቦ ወይም ያልተቀባ አምባሻ፣ ትንንሽ ብርጭቆዎች፣ አይቡ በሳህን፣ እና አንድ ባዶ ጆግ። ጆጉ የተረፈው ቢራ የሚደፋበት ነው። ብዙ ቦታ ጆጉን ማስቀመጥ ይረሳሉ፣ እናንተ ጠይቁ።

አይቡ ከፍሪጅ ከወጣ ግማሽ ሰዓት ያህል መሆን አለበት። ቀዝቃዛ አይብ ሽታውን አይሰጥም፣ አፍ ውስጥም ሰም ይሆናል። ቢራውም እንደዚሁ። ብርጭቆው ላይ በረዶ እስኪሠራ የቀዘቀዘ ቢራ ለጥማት እንጂ ለቅምሻ አይሆንም። ነጣ ያለው 7 ዲግሪ አካባቢ፣ ጠቆር ያለው 12 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ጥሩ ነው። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ጥቁሩን ብርጭቆ በመዳፋችሁ ይዛችሁ ትንሽ ጠብቁት፣ ይበቃል።

አንድ ነገር ስለ አረፋ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ ነች። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል በቢራው ውስጥ ያለው ጋዝ በፍጥነት ይወጣል፣ አረፋው ይበዛል። ድራፍት ቀጂው ብርጭቆውን አጋድሞ፣ ቀስ ብሎ መቅዳት አለበት። ግማሹ አረፋ ከሆነ አትቆጡት፤ ትንሽ ጠብቁት፣ ይወርዳል። አረፋ ጨርሶ የሌለው ቢራ ግን አትቀበሉ። ሽታውን ወደ አፍንጫ የሚያመጣው አረፋው ነው።

መጠኑ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለአንድ ቢራ የሚበቃው 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። አምስት ቢራ ብትቀምሱ 500 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ አንድ ተኩል ያህል ጠጣችሁ ማለት ነው። ለአንድ ምሽት ይህ ይበቃል። በየብርጭቆው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ ያንኑ ያህል ቢጨመርላችሁ ግን አንድ ሊትር ሞላችሁ። ጃምቦ ለለመደ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ልክ ነው። ግን አራተኛው አይብ ላይ ስትደርሱ ሁሉም ነገር «ይጣፍጣል» ትላላችሁ። ያን ጊዜ ቅምሻው አልቋል፣ መጠጣት ጀምራችኋል።

አቀማመሱ

መጀመሪያ ቢራውን ብቻውን። ብርጭቆውን አሽትቱ፣ ከዚያ ትንሽ ጎንጭ አድርጋችሁ አፋችሁ ውስጥ አዙሩት። ዋጡት። ምሬቱ የት ይቀራል? ጣፋጭ ነው? የተቆላ ነገር ይሸታል?

ቀጥሎ አይቡን ብቻውን። የጣት ጫፍ የምታህል ቁራጭ። አኝኩት፣ አትቸኩሉ። ጨው፣ ኮምጣጣነት፣ ቅባት፤ የትኛው ይቀድማል?

ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ። አይቡን ዳግመኛ ቁረሱ፣ ግማሹን አኝካችሁ ገና አፋችሁ ውስጥ ሳለ ቢራውን ጎንጭ አድርጉ። ዋናው ነገር የሚሆነው እዚህ ነው። አይብ ስብ አለው፣ ስቡ ምላስን ይሸፍናል። የቢራው ጋዝና ምሬት ያን ስብ ይጠርገዋል። ቀጣዩ ጉርሻ እንደ መጀመሪያው አዲስ ሆኖ ይሰማል። ሰው ክትፎ በልቶ ቀዝቃዛ ቢራ ሲያምረው ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከዚያ ውሃ ጠጡ፣ ዳቦ ቁረሱ፣ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ደብተር መያዝ አያስፈልግም። የወደዳችሁትን የቢራ ስም ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ በቃ።

የትኛው ከየትኛው

ሕግ የለም፣ ግን የተፈተኑ ጥምረቶች አሉ። የሚቀርቡበትን ቅደም ተከተል ጠብቄ ልንገራችሁ።

የቤት አይብ ከስንዴ ቢራ ጋር። የኛ አይብ ጨው የለውም፣ ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ይኮመጥጣል። ኃይለኛ ቢራ ይጨፈልቀዋል። የስንዴ ቢራ ደብዘዝ ያለ፣ አረፋው ወፍራም፣ በጀርመኗ ባየርን ግዛት እርሾ ከተጠመቀ ደግሞ የሙዝና የቅርንፉድ ሽታ ያለው ነው። አይቡ ላይ ጤና አዳም ጣል ካደረጉበት ግሩም ነው። ሚጥሚጣ ግን አይደረግ፤ ለነገ ጎመን አቆዩት። የስንዴ ቢራ ከሌለ ቀለል ያለ ላገር ይተካዋል።

ሞዛሬላ ወይም ለጋ ፕሮቮሎኔ ከፒልስነር ጋር። ፒልስነር ከ1842 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቦሄሚያዋ ፕልዘን ከተማ የተጠመቀ፣ ዛሬ ዓለምን የሞላው የወርቃማ ላገር አባት ነው። ስለዚህ የሰፈራችሁ ቢራም የእሱ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ከለጋ አይብ ጋር ጠብ የለውም። ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ የማቀርበው ጥምረት ይህ ነው።

ቸዳር ከመራራ ኤል ጋር። አይፒኤ ወይም ፔል ኤል የሚባሉት ሆፕስ፣ ማለትም ለቢራ ምሬት የሚሰጠው አበባ፣ የበዛባቸው ናቸው። ለብቻው ሲጠጣ «ጌሾው በዝቶበታል» የሚያስብል ምሬት አላቸው። ጨዋማና ቅባታም ቸዳር ያን ምሬት ያለሰልሰዋል። ቢራውን አልወደድኩትም ያለ ሰው ከቸዳር ጋር ሲቀምሰው ሐሳቡን ሲቀይር ታያላችሁ።

ያደረ ጎዳ ከጥቁር ቢራ ጋር። የእኔ ምርጫ ይህ ነው፣ አልደብቅም። ጎዳ ሲያድር ይጠነክራል፣ ቀለሙ ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ የተቃጠለ ስኳር ጣዕም ያመጣል። ስታውትና ፖርተር የሚጠመቁበት ብቅል ወይም ገብስ ደግሞ እንደ አሻሮ እስኪጠቁር ይቆላል፤ ቡናና ቸኮላት የሚመስል ጣዕም ይሰጣል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ያጎላል። እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ምሽቱን ሙሉ ቸኩላችሁ ከሆነ እንኳ እዚህ ላይ ተረጋጉ።

ብሉ ቺዝ ካለ መጨረሻ ይምጣ። አረንጓዴ ሰማያዊ ሻጋታው ሆን ተብሎ የሚበቅል ነው፣ አልተበላሸም። ሽታው ግን ቀልድ አይደለም። የባቄላ ፍሬ የምታህል ብቻ ውሰዱ፣ ከላይዋ ማር ጠብ አድርጉባት፣ ጠንካራና ጣፋጭ ጥቁር ቢራ አስከትሉ። ወዳጃችሁን ሳያውቅ በብሉ ቺዝ አታጉርሱት። ወዳጅነት ያፈርሳል።

ጠላና ኮረፌን አትርሱ

ቅድም እመለሳለሁ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ጎንደር ውስጥ የቅምሻ ምሽት ጠላና ኮረፌ ከሌለበት ጎዶሎ ነው ብዬ አምናለሁ። ክራፍት ቢራ የሚባለው በትንሽ መጠን፣ በጠማቂው እጅ የሚሠራ ከሆነ የእናቶቻችን ጋን ከዚህ ውጪ ምንድን ነው?

ጠላ ላይ ጌሾ የሚሠራው ቢራ ላይ ሆፕስ የሚሠራውን ነው፤ ምሬቱን ይሰጣል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ስለሚታጠን ጠላው የጭስ ጠረን አለው። ስለዚህ ጨዋማና ጠንካራ ፎርማጆ ይወዳል፤ በተለይ ያደረ ፕሮቮሎኔ። የዳጉሳ ጠላ ካገኛችሁ ጠቆር ያለና ወፈር ያለ ስለሆነ ከጎዳው ጋር ሞክሩት።

ኮረፌ የእኛው የአካባቢ ነው። ገብሱ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ይፈተጋል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል። ከውሃና ከደረቅ የጌሾ ቅጠል ጋር ተደባልቆ በሸክላ ዕቃ ሁለትና ሦስት ወር ይቆያል። ሲፈለግ ከድፍድፉ ትንሽ ተወስዶ ውሃ ይጨመርበትና አንድ ቀን አድሮ ይጠጣል። ኮምጠጥ ያለ፣ አረፋ ያለው፣ ወፍራም ነው። ከቤት አይብ ጋር ሁለት ኮምጣጣ ይገናኛል፤ አንዳንድ ሰው ይወደዋል፣ አንዳንዱ ፊቱን ያዞራል። ከጎጃም የሚመጣው ሜታታ አይብ ከተገኘ ግን እሱን አቅርቡለት። ሜታታ በቅመም ተሠርቶ ለሳምንታት የሚብላላ አይብ ነው፤ ሽታው ጠንካራ፣ ጣዕሙ ረጅም ነው። ኮረፌን የሚችለው እሱ ነው።

ጠላም ኮረፌም አልኮላቸው ከቤት ቤት ይለያያል። ስለዚህ የእነሱም መጠን ያው የሻይ ብርጭቆ ነው። ከጣሳ ጋር አትምጡ።

«ጠጣ እንጂ» ሲመጣ

ይመጣል። ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ብርጭቆአችሁን አይቶ ዝም አይልም። «ምነው አልጠጣህም? በሞቴ!» ይላል። በክፋት አይደለም፤ ዝም ቢል እሱ ነው የሚታማው።

«በቃኝ» ማለት አይሠራም። በቃኝ እኛ ዘንድ የልመና መጀመሪያ ነው። የሚሠራው ብርጭቆውን አለመጨረስ ነው። ባዶ ብርጭቆ ይሞላል፣ አንድ ጣት ያህል የቀረበት ብርጭቆ ግን ባለቤት እንዳለው ይታወቃል። ቀጣዩ ቢራ ሲመጣ ብቻ የቀረውን ወደ ጆጉ ድፉት። ጆጉ ላይ መድፋት አስተናጋጁን ቅር አያሰኘውም፣ ጆጉ የተቀመጠው ለዚያ ነው።

ትልቅ ሰው ሲቀዳላችሁ ነገሩ ይለያል። ጋሽዬ ወይም አባባ ተነሥተው ከቀዱላችሁ እጃችሁን ብርጭቆው ላይ አትክደኑ። ብድግ በሉ፣ በሁለት እጅ ተቀበሉ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላችሁ አንድ ጊዜ ጎንጭ አድርጉና አስቀምጡት። የተቀዳላችሁን እሳቸው እያዩ ወደ ጆጉ መድፋት ግን ነውር ነው። ሲወጡ ወይም ጨዋታው ሲሞቅ ጠብቁ። ከመቅዳታቸው በፊት «አባባ፣ ገና አራት ዓይነት ይመጣል፣ ለቅምሻ ያህል ብቻ» ካላችሁ ብዙዎቹ ይገባቸዋል፤ ጠላ ስትቀምስ ለኖረች እናት ልጅ ቅምሻ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

እናንተም ለሌላ ሰው አትሙሉ። ይህ ከባድ ነው፣ እጅ ራሱ ይሄዳል። ግብዣችሁን ወደ ዳቦውና ወደ ውሃው አዙሩት። አይብ ማጉረስ ይቻላል፣ ከብሉ ቺዝ በቀር።

አልኮል የማይጠጣ ጓደኛ

አብሯችሁ ይምጣ፣ ለስላሳ ብቻ ይዞ ግን ጥግ አይቀመጥ። አይብ ጣፋጭ ለስላሳን ብዙም አይወድም። ብርዝ ከጠንካራ አይብ ጋር ያምራል፤ ማርና ፎርማጆ ድሮም ይስማማሉ። ማልት መጠጥም የብቅል ጣዕም ስላለው ከጎዳው ጋር ይሄዳል። ሙስሊም ወዳጃችሁን ስትጋብዙ ግን ቦታው መጠጥ ቤት መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ውሳኔው የእሱ ነው።

ሒሳብና ወደ ቤት

ሒሳቡ አስቀድሞ በነፍስ ወከፍ ቢከፈል ጥሩ ነው። ማታ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» የሚለው ትግል ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ብርጭቆ ይሰበራል።

መኪና ይዛችሁ አትሂዱ። አዘዞም ሁኑ ማራኪ፣ ፒያሳም ሁኑ አራዳ፣ የምታውቁትን የባጃጅ ሹፌር ስልክ ይዛችሁ ከመግባታችሁ በፊት የምትወጡበትን ሰዓት ንገሩት። ሲመሽ ባጃጅ ይሳሳል፣ ዋጋውም ያን ጊዜ እንደ ሹፌሩ ስሜት ነው። የሚነሣበት ሰዓት የታወቀ ሰው «አንድ ጨምር» ለሚሉትም ጥሩ መልስ አለው፦ «ባጃጁ በር ላይ ነው።»

ቤት ማድረግ ለሚፈልግ

በከተማው እንዲህ ዓይነት ምሽት እስኪዘጋጅ መጠበቅ አይጠበቅባችሁም። ስድስት ሰው ይበቃል። ከስድስት ካለፈ ቅምሻነቱ ቀርቶ ድግስ ይሆናል።

ለእያንዳንዱ አይብ በሰው 30 ግራም አስቡ። አራት አይብ ከሆነ ለስድስት ሰው ከእያንዳንዱ 180 ግራም ግዙ ማለት ነው። ፎርማጆውን ሱፐርማርኬት ስታገኙት ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን እዩ፤ መብራት ሲሄድ ሲመጣ የከረመ ፍሪጅ ውስጥ የነበረ አይብ ጠርዙ ያላብና ይንሸራተታል፣ አትግዙት። የቤት አይቡን በዚያው ቀን ጠዋት አሠሩ። ቢራ ለእያንዳንዱ ዓይነት ሁለት ጠርሙስ ይበቃል፤ ለስድስት ሰው 100 ሚሊ ሊትር እያላችሁ ስትቀዱ ትንሽ ተርፎ ይቀራል። ሦስተኛ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አታስቀምጡ። ካለ ይከፈታል። ጠላውን ከምታውቋት ጠማቂ አንድ ሊትር አስመጡ፣ ማጣሪያ ጨርቅም አብራችሁ ያዙ። ቢላዋ ለእያንዳንዱ አይብ የተለየ ይሁን፣ በተለይ ብሉ ቺዙን የነካው ሌላውን እንዳይነካ።